በኮባ የተከደነው ጉድጓድ

ሙኒራ የተወለደችው ከሞርሲቶ ወጣ ብላ ባለች የደጋ መንደር ነው። በዚያ አገር ሴት የምትመዘነው ቆጮ ቀብራ በምታብላላበት ጉድጓድ ነው። ለልጇ ሚስት የምትፈልግ እናት የልጅቷን መልክ ከማየቷ በፊት ወደ ጓሮ ዞር ትልና ጉድጓዱን ታያለች። ውስጡ የእንሰት ቅጠል፣ ኮባው፣ ተደራርቦ ከተነጠፈበት፣ አፉ በለጋ ቅጠል ተሸፍኖ ዳር ዳሩ ወደ ውስጥ ከታጠፈ፣ በላዩም ድንጋይ ተደርድሮ ጠብታ ዝናብ እንዳያሾልክ ሆኖ ከተዘጋ፣ "ይቺ ቤት ታውቃለች" ትላለች። ሙኒራ ገና ልጅ ሳለች እንዲህ ተብሎላታል። ዑመር ከቦዮ ሐይቅ ዳር ድረስ መጥቶ ያገባትም በዚሁ ስሟ ነው።

ከደጋው ወደ ቦዮ ሐይቅ ሲወረድ ግን አገሩ ሌላ ነው፤ በቆሎና በርበሬ የሚዘራበት፣ ፀሐዩ የሚፋጅ ቆላ ነው። ሙኒራ ከእናቷ ጓሮ የእንሰት ችግኝ አዝላ ወረደችና ከባሏ ቤት ጀርባ ተከለች። ከሐይቁ በጄሪካን ውሃ እያመላለሰች አጸደቀችው። የመጀመሪያውን ቆጮ በቀበረች ቀን አማቷ ዘይነባ በትራቸውን ተደግፈው መጡና ጉድጓዱን ተመለከቱ። ከዚያ ጎረቤቱን ጠሩ።

"ኑ እዩልኝ" አሉ። "እኛ አገር የሚቀበረው ሬሳ ነው። ልጄ ያመጣት ሙሽራ እህል ትቀብራለች።"

ሴቶቹ ሳቁ። ሙኒራ ቀና ሳትል ድንጋዩን ደርድራ ጨረሰች።

ልጅ አልወለደችም። ይህንንም አማቷ በየበዓሉ ያነሡባታል፤ "እንሰት ስታሳድግ ማሕፀኗን ረሳችው" ይላሉ፣ ሰው እየሰማ። ዑመር ደግ ሰው ነበር፤ ደግነቱ ግን እናቱ ፊት ድምፅ አልነበረውም። እንደ አገሩ ጎረምሳ ሁሉ ደቡብ አፍሪካ እሄዳለሁ ብሎ ተነሣና ከመንገድ ቀረ። የት እንደ ቀረ የሚያውቅ የለም፤ ሬሳም አልመጣም። ከእሱ በኋላ የሄደው ታናሽ ወንድሙ ሰዒድ ግን ደረሰ። እዚያ ሱቅ ከፈተ፣ ከዓመታት በኋላም ቦርጭና ወፍራም የእጅ ሰዓት ይዞ ተመለሰ።

እንደ ወጉ የወንድሜን ሚስት ላግባ አለ። ሙኒራ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ "አንተን በጀርባዬ አዝዬሃለሁ፤ ንፍጥህን ጠርጌልሃለሁ። እንዴት ባሌ ትሆናለህ?" አለችው። ሰዒድም ከሰዎቹ ጋር አብሮ ሳቀ። አልረሳውም።

ሰዒድ በአባቱ መሬት ላይ፣ ከውሃው ዳር፣ ለሽርሽር ለሚመጡ ሰዎች የድንኳን መስፈሪያ ከፈተ። አጥር አሳጠረ፣ የእሳት ማንደጃውን በድንጋይ አስከበበ፣ መጸዳጃ አስቆፈረ፣ በሩ ላይም ትልቅ ታፔላ አቆመ። "ያመጣችሁትን ቆሻሻ ይዛችሁ ተመለሱ። ከተከለለው ቦታ ውጭ እሳት አታንድዱ። ጉማሬ በሚወጣበት መንገድ ድንኳን አትትከሉ። ሐይቁ ውስጥ በሳሙና አትታጠቡ።" ሙኒራ ፊደል አልቆጠረችም፤ ሰዒድ ግን ለመጣው እንግዳ ሁሉ ጮክ ብሎ ስለሚያነበው በቃሏ ይዛዋለች። ጥረጋው የእሷ ሥራ ሆነ። በምላሹም ከአጥሩ ጥግ፣ ከእንሰቷ አጠገብ ባለችው ጎጆ እንድትኖር ተፈቀደላት።

"ታፔላው ለፎቶ ነው" ይላታል ሰዒድ። "እንግዳ ጥሎት የሄደውን አንቺ ታነሺያለሽ። አንድ እንግዳ ቅር ብሎት የሄደ ቀን ግን ያቺን ጎጆ በላይሽ ላይ አፈርሳታለሁ።"

በዚህ ሁሉ መሀል ሙኒራን ቀጥ አድርጎ ያቆማት አንዲት ላም ነበረች። ግንባሯ ላይ ነጭ ስላለባት ቦራ ይሏታል። ላሟ የሰዒድ ናት፤ ለሙኒራ በአደራ የሰጣት ነው። ከብት ያለው ለሌለው ላም በአደራ መስጠት በአገሩ የቆየ ነገር ነው። ያዡ ያበላል፣ ያጠጣል፣ ወተቱን ይጠጣል፤ ጥጃው የባለቤቱ ነው። አሳምሮ ለያዘ ሰው ግን በሽማግሌ ፊት አንድ ጥጃ ይቆረጥለታል። ላሟ አንድ ነገር የሆነች እንደሆነ ደግሞ ያዡ ብቻውን አይነካትም። ባለቤቱና ሽማግሌው ባሉበት ሆዷ ተከፍቶ የጎዳት ነገር ይታያል፤ ያዡም እጄ የለበትም ብሎ ይምላል።

ለሙኒራ ጥጃ ተቆርጦላት ነበር። ቦራ ጥጃ መያዟ ሲታወቅ ሰዒድ በመንደሩ አስታራቂ በሐጂ ከሊል ፊት፣ "የሚመጣው ጥጃ፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ የሙኒራ ነው" ብሏል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሙኒራ አንድ ሐሳብ ብቻ ነበራት። ጥጃው ጡት ሲጥል እየነዳች ወደ ሞርሲቶ፣ ወደ ወንድሟ ቤት መመለስ። ከብት እየነዳች የገባች እህት በክብር ትቀመጣለች፤ እንዲሁ የገባች እህት ግን የወንድሟን ሚስት ዓይን እያየች ነው የምትበላው። ሙኒራ ይህን ታውቃለች። ስለዚህ ቦራን እንደ ሰው ያዘቻት። በጋው ገብቶ ሣሩ ሲያርር፣ ከእንሰቷ ቅጠል እየዘነጠለች በእጇ ታጎርሳት ጀመር። በመንደሩ እንሰት የቀመሰች ላም ቦራ ብቻ ናት። ሙኒራ ኮባ ይዛ ከጓሮ ስትወጣ ገና ከሩቅ ሽታውን አውቃ እምቧ ትላለች።

ጥምቀት ባለፈ ሳምንት ከሆሳዕና ከተማ እንግዶች መጡ። አቶ ይበልጣል የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ናቸው፤ ከሚስታቸው ከሶስናና ከባልደረቦቻቸው ጋር ነው የመጡት። ሶስና ሳቂታ ናት። ታፔላው ሥር ቆማ ፎቶ ተነሣች፤ ሶፍት ወዲያ የወረወረውን ባልደረባ መልሳ አስለቀመችው።

"ሰዒድ፣ ኮራሁብህ" አለችው። "የእኛ ሰው እንዲህ ዓይነት ሕግ ያስፈልገዋል።"

ሁለት ሌሊት አደሩ። ክትፎ ተበላ፣ ቢራ ተጠጣ፣ ተዘፈነ። ሊሄዱ ሲሉ ቆሻሻው ተሰበሰበና ብዙ ፌስታል ሆነ። የጠረጴዛ ልብስ አድርገውት የነበረው ባለ አበባ ላስቲክ እንኳ ቅቤና አዋዜ ስለፈሰሰበት ተጠቅልሎ ከቆሻሻው ጋር ተቀመጠ።

"ይዘነው መመለስ አለብን እኮ" አለች ሶስና።

"መኪናዬ ውስጥ?" አሉ አቶ ይበልጣል። "እስከ ሆሳዕና ድረስ የክትፎ ቅቤ እያሸተትኩ?"

ሰዒድ መሀላቸው ገባ። "ምን በወጣችሁ! ለሙኒራ ስጧት፣ ትቀብረዋለች። ታፔላው ለእናንተ ዓይነቱ ሰው አይደለም።"

"እውነት?" አለች ሶስና፤ ዞራም ፌስታሎቹን ለሙኒራ አስታቀፈቻት። "እትዬ ሙኒራ፣ ደህና አድርገሽ ቅበሪልን እሺ? ሐይቁ ውስጥ እንዳይገባ አደራ።"

"አይገባም፣ እመቤቴ" አለች ሙኒራ።

አልገባምም። ከእንሰቱ ጀርባ ጉድጓድ ቆፈረች። ሌላ ሰው ቢሆን ወርውሮ አፈር ያለብስ ነበር። የሙኒራ እጅ ግን ከልጅነቷ የለመደው አንድ ዓይነት ጉድጓድ ብቻ ነው። ውስጡን አስተካከለች፣ ፌስታሉን ደለደለች፣ አፉን በለጋ ኮባ ሸፈነች፣ ዳሩን አጠፈች፣ ድንጋይ ደረደረችበት። ነፋስ አንዲት ላስቲክ እንዳይወስድ፣ ዝናብ ቢመጣም ወደ ሐይቁ እንዳያጥበው። ሲያልቅ ቆማ አየችው፤ ደስ አላት።

ከዚያ በኋላ የመጣው እንግዳ ሁሉ እንደዚያው ሆነ። ሰዒድ ታፔላውን ያነባል፣ እንግዳው ያጨበጭባል፣ ሲሄድ ፌስታሉን ለሙኒራ ይሰጣል። ጉድጓዱም እየበዛ ሄደ። አንዳንድ ቀን ድንጋዩ ተንከባሎ፣ ቅጠሉ ተበልቶ፣ ፌስታሉ ተጎትቶ ታገኘዋለች። ከርከሮ ነው ብላ ሌላ ትኩስ ኮባ ትደርብበታለች፤ ከበድ ያለ ድንጋይ ፈልጋም ትጭንበታለች። ቦራ ቀን ቀን ተፈትታ እንደምትውል አላሰበችም። ከርከሮ ጨውና ቅቤ ይወዳል፤ ያወቀችው ይህን ብቻ ነው።

ቦራ እየከሳች ሆዷ ግን እየሰፋ መጣ። ሙኒራ ጥጃው ነው አለች። ማመስኳት ስትቀንስ ሙቀቱ ነው አለች። ምኞት ያለው ሰው ዓይኑ ፊት ያለውን አያይም።

በመጋቢት እነ አቶ ይበልጣል እንደገና መጡ። ጾም ስለነበር ክትፎ የለም፤ ሽሮና ድንች ነው የያዙት። አዳሩን ደህና አደሩ። በማግስቱ ማለዳ ሙኒራ ቦራን ልትፈታ ስትሄድ ላሟን ተዘርግታ አገኘቻት። ግራ ጎኗ እንደ ከበሮ ተወጥሯል፤ አፏን ከፍታ ነው የምትተነፍሰው። ሙኒራ ተንበርክካ እጇን ከጎኗ ላይ አደረገች። ከውስጥ ጥጃው ረገጠ።

ሰዒድ ከእንግዶቹ ጋር ሻይ እየጠጣ ነበር።

"ሰዒድ፣ ቦራ ወድቃለች።"

"ከየት ነው የወደቀችው? ከሰማይ?" አለ። እንግዶቹ ሳቁለት።

"መነሣት አቅቷታል። ሆዷ ተነፍቷል። ቦኖሻ ከተማ የከብት ሐኪም አለ፤ ቶሎ ቢመጣ..."

ሰዒድ ሄዶ አያት። በጫማው ጫፍ ገፋ አድርጎ አያት። እንግዶቹም ተከትለው መጥተው ቆሙ። ሙኒራ ወደ አቶ ይበልጣል ዞረች።

"ጌታዬ፣ መኪናዎ ቢሄድ ሐኪሙን ያመጣዋል። ጥጃ ይዛለች፤ ደርሳለች።"

"እናቴ፣ እኔ የመጣሁት ላርፍ ነው" አሉ አቶ ይበልጣል። "የላሟ ባለቤት ሲጠይቀኝ እሰማለሁ።"

ባለቤቱ አልጠየቀም። ሐጂ ከሊልንና ቢላ የያዙ ጎረምሶችን ነው ያስጠራው።

"ሳትሞት ትታረድ" አለ። "ከሞተች ሥጋዋ ሐራም ነው።"

"እስከ ማታ ጠብቃት" አለችው ሙኒራ። "እስከ ማታ ብቻ። ምናልባት ትወልዳለች።"

"ላንቺ ጥጃ ስል የእኔን ሥጋ ለጅብ ልስጥ?"

"ቃል ገብተህልኛል፣ ሰዒድ።"

"ለሚመጣ ጥጃ ነው የገባሁት። መጥቷል እንዴ?"

አማቷ ዘይነባ በሰው ተመርተው ደርሰው ነበር። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሯቸው ግን ደህና ነው። "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" አሉና በትራቸውን መሬት መቱ። ጎረምሶቹ ፊታቸውን አዙረው ሳቁ።

ሐጂ ከሊል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "የደረሰች ላም ማረድ ይከብዳል፣ ሰዒድ።"

"ብትሞት ሌላ ላም ይሰጡኛል፣ ሐጂ?"

ሐጂ ቢላ ለያዙት ጎረምሶች መንገድ ለቀቁ።

ሙኒራን ተነሽ አሏት። አልተነሣችም። ሻሿን ፈትታ የቦራን ዓይን ሸፈነችበት፤ አንድ እጇን ከላሟ ጎን ላይ እንዳደረገች ቀረች። ቢላውን አላየችም። ቦራ ተንፈራገጠች፣ ከዚያ ጸጥ አለች። ከውስጥ ግን ገና የሚረግጥ ነበር። አንዴ ረገጠ፣ ቆይቶ ደግሞ ረገጠ። ከዚያ እሱም ተወ።

ሆዷ በሽማግሌው ፊት ተከፈተ። ጨጓራዋ ሲቀደድ ሽታው እንግዶቹን ወደ ኋላ መለሳቸው፤ ሆኖም ስልካቸውን አውጥተው ይቀርጹ ጀመር። ጎረምሳው እጁን ሰዶ መጎተት ያዘ። ፌስታል ወጣ፣ በሌላ ፌስታል ተቋጥሮ። የቢራ ካርቶን ላስቲክ፣ የብስኩት ወረቀት፣ ገመድ የሆነ ነገር። ተጎትቶ አያልቅም። በመጨረሻ ባለ አበባው የጠረጴዛ ላስቲክ ተጠቅልሎ ወጣ፤ አበባው አልጠፋም ነበር።

"ይህን ቪዲዮ ለአካባቢ ጥበቃ ቀን ነው የምናሳየው" አለ ከእንግዶቹ አንዱ።

ሶስና ላስቲኩን ስታይ ስልኳን ወደ ቦርሳዋ መለሰች።

ሰዒድ ወገቡን ይዞ ቆመ። "በሉ ተመልከቱ። ላሜን ቆሻሻ አበልታ ገደለችብኝ።"

"ቅበሪ ያልከኝን ነው የቀበርኩት" አለች ሙኒራ።

"እኔ?" ወደ በሩ ጠቆመ። "ታፔላው ምን ይላል? ይዛችሁ ተመለሱ ነው የሚለው። ቅበሪ የሚል የት አለ? ማንበብ የሚችል ሰው ያንብብልሽ።"

"በጥምቀት ሰሞን እዚሁ ቆመህ ብለኸኛል። እኚህ እመቤት አጠገብህ ነበሩ።"

ሁሉም ወደ ሶስና ዞረ። ሐጂ ከሊልም፣ "ልጄ፣ ሰምተሻል?" አሏት።

ሶስና ባሏን አየች። አቶ ይበልጣል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "በሰው ቤት ጉዳይ አትግቢ" አሉ።

"እኔ እንጃ" አለች ሶስና። "ብዙ ሰው ነበር፣ ጫጫታ ነበር... አላስታውስም።"

ሙኒራ መሬት መሬት አየች። ሐጂ ከሊል ግን ጭካኔ የለባቸውም፤ ነገሩን ባጭሩ ሊጨርሱት ፈለጉ።

"ስሚኝ ልጄ፣ ምስክር ከጠፋ ወጉ መሐላ ነው" አሉ። "ላሟን የገደላት ነገር በእጄ አልገባባትም ብለሽ ማይ። ከማልሽ ጥፋት የለብሽም። ሰዒድም በፊቴ የገባው ቃል አለበት፤ ከከብቶቹ አንድ ጥጃ ይሰጥሻል። ካልማልሽ ግን ጥጃም የለሽ፣ በዚህ ግቢ መኖርም የለሽ።"

ሰዒድ ፊቱን አጠቆረ፤ በሽማግሌ ቃል ላይ ግን መናገር አልቻለም። መንገዱ ለሙኒራ ተከፍቶ ነበር። አንድ ቃል ብቻ።

ሙኒራ አፏን ከፈተች። ዓይኗ ግን ከጨጓራው ላይ ነበር። ፌስታሉ ውስጥ የተፈተለ ነገር አየች። የኮባ ክር ነው፤ በየፌስታሉ ተጠምጥሟል፣ ቋጥሮ የያዘውም እሱ ነው። በጋውን ሁሉ በእጇ ያጎረሰቻት ቅጠል ነው። በየጉድጓዱ አፍ የሸፈነችውም ይኸው ቅጠል ነው። ድንጋዩን ማን እንዳንከባለለው ያን ጊዜ ገባት። ከርከሮ አልነበረም።

"አልምልም" አለች።

"ምን?" አሉ ሐጂ።

"ኮባ ያስለመድኳት እኔ ነኝ። ጉድጓዱን በኮባ የከደንኩት እኔ ነኝ። ስታገኘው የእኔ እጅ ነው ብላ በላች። በእጄ ነው የገባባት። እንዴት ብዬ ልማል?"

ከዚያ አማቷ ዘይነባ ሳቃቸውን ለቀቁት።

"ቆሻሻውን እንደ ቆጮ ከደነችው!" አሉ። "ሰማችሁ? ይቺ ናት ቤት ታውቃለች የተባለች። ፌስታል ቀብራ እስኪበስል ትጠብቅ ነበር።"

ሳቁ ከጎረምሶቹ ወደ ሴቶቹ፣ ከሴቶቹ ወደ እንግዶቹ ሄደ። አቶ ይበልጣል እንኳ ፈገግ አሉ። ሙኒራ መሀላቸው በጉልበቷ ተቀምጣ ነበር፤ እጇ ደም ነክቶታል።

"ራሷ ተናገረች" አሉ ሐጂ ከሊል በዝግታ። "ከዚህ በላይ እኔ ምን አደርጋለሁ።"

ሰዒድ ጎንበስ አለ። ከላሟ ሆድ የወጣውን ጥጃ በኋላ እግሮቹ ይዞ ጎተተና ሙኒራ ፊት አስቀመጠው። ጠጉሩ እርጥብ ነው፤ ግንባሩ ላይ የእናቱ ዓይነት ነጭ አለው። ሴት ጥጃ ነበረች።

"ሰዒድ ቃሉን አያጥፍም" አለ። "ድርሻሽን ውሰጂ።"

ሙኒራ ወሰደቻት። የት እንደ ቀበረቻት ለማንም አልተናገረችም። በዚያው ቀን ሰዒድ እንሰቱን አስቆረጠው፤ ላም የገደለ ቅጠል ግቢዬ ውስጥ አይቆምም ብሎ። ሥጋው ለመንደሩ ተከፋፈለ። ለሙኒራ የደረሳት የለም።

በማግስቱ ጓዟን በአንድ ነጠላ ቋጥራ ወደ ደጋው በሚወጣው አቧራማ መንገድ ሄደች። ፀሐዩ ከረር ሲል ከኋላዋ የመኪና ድምፅ መጣና አጠገቧ ቆመ። ሶስና ናት በሩን የከፈተችው።

"እትዬ ሙኒራ፣ ግቢ። ሆሳዕና እናደርስሻለን።"

አቶ ይበልጣል ከመሪው ዘወር ሳይሉ፣ "ድንኳኑ ላይ እንዳትደገፍ" አሉ።

ሙኒራ ከኋላ ወንበር፣ ከተጠቀለለው ድንኳን ጎን፣ ቋጠሮዋን ታቅፋ ተቀመጠች። ከዚያ ሶስና ወደ ኋላ ዞረች። ዓይኗ ቀልቷል።

"እንቅልፍ አልወሰደኝም" አለች። "ሰዒድ ትቀብረዋለች ሲል ሰምቼዋለሁ። ፌስታሉንም የሰጠሁሽ እኔ ነኝ። ግን እዚያ ሁሉም እየቀረጸ... ይበልጣልም ኃላፊ ነው፣ ስሙ እንዳይነሣ... ይገባሻል አይደል?"

አቶ ይበልጣል ሬዲዮኑን ከፍ አደረጉት።

"ሰምተሽ ነበር?" አለቻት ሙኒራ። እስከዚያች ሰዓት እርስዎ ስትላት ነበር።

"ሰምቼ ነበር።"

"የሐጂ ከሊል ቤት ቅርብ ነው። አሁን ለእኔ ያልሽውን ለእሳቸው ንገሪልኝ። ጥጃውን አልፈልግም፤ ጥፋቴንም አልክድም። ግን ያዘዘኝ ሰው እንዳለ ይታወቅ። እንመለስ።"

ሶስና ባሏን አየች። አቶ ይበልጣል ሬዲዮኑን ሳይቀንሱ፣ "ከሰዓት ስብሰባ አለብኝ" አሉ። ሶስና ወደ ፊት ዞራ ተቀመጠች። ከቦርሳዋ ሶፍት አወጣችና ወደ ኋላ ሳታይ እጇን ዘርግታ ሰጠቻት።

ሙኒራ አልተቀበለቻትም። "አውርዱኝ" አለች።

"እዚህ? በዚህ ፀሐይ? ገና ብዙ መንገድ ነው" አለች ሶስና።

"አውርዱኝ።"

መኪናው ቆመ። ሙኒራ ቋጠሮዋን ይዛ ወረደች፤ በሩንም ቀስ አድርጋ ዘጋችው። መኪናው ሲሄድ አቧራው እስኪረግፍ ከመንገዱ ዳር ቆመች። የወንድሟ ሚስት በሩን ስትከፍት ምን እንደምትላት፣ እሷም ምን ብላ እንደምትመልስ ታስብ ነበር። የምትመልሰውን አላገኘችም። እንዲሁ መራመድ ጀመረች።